የራዲያተሩ ክዳን

ሰውዬው ጣቱን መኪናዬ ጭስ ማውጫ ውስጥ ከተተና አውጥቶ ላሰው። ያንን ጥቀርሻና ጥቁር ውሃ ምላሱ ላይ ይዞ ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ እንትፍ አለና በእጁ ጀርባ አፉን ጠርጎ "ጣፋጭ ነው" አለኝ። ቁርሴ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

ይህን ሰው ቀማሹ ይሉታል። መካኒክ ነው፤ የመኪና በሽታ የሚያገኘው በምላሱ ነው። የፍሬን ዘይት ይቀምሳል፣ የሞተር ዘይት ይቀምሳል፣ የባትሪ ውሃም ቀምሷል እየተባለ ይወራበታል። ጥርሶቹን ላየ ሰው ወሬውን ማመን አይከብደውም። ጋራዡ ደጃፍ ላይ ያለው አፈር ዘይት ጠጥቶ ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ስትረግጪው ጫማሽን ይስማል። ጥግ ላይ የተቆለሉት አሮጌ ጎማዎች ውስጥ ዝናብ ያቆረው ውሃ አረንጓዴ ሽፋን አብቅሏል። በእኛ ቤት የዚህ ሰው ስም ከሌባ ጋር ካልሆነ ተነስቶ አያውቅም፤ እኔም ደጁን ላልረግጥ ምዬ ነበር።

መኪናዬ ናት መሐላዬን ያፈረሰችው። ጠዋት ራዲያተሯን ጢም አድርጌ ሞልቼ እወጣለሁ፤ ማታ ሳየው ጎድሏል። ከሥሯ ካርቶን አነጠፍኩ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። አንዱ ጋራዥ ቱቦዎቿን ለወጠ፣ ሌላው የውሃ ፓምፗን፣ ሌላው ራዲያተሩን ነቅሎ አጥቦ መለሰ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ ውሃው መጥፋቱን አልተወም። በመጨረሻ አፍንጫዬን ይዤ ወደ ቀማሹ ሄድኩ።

እሱ ምንም አልነቀለም። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ የራዲያተሩን ክዳን ከፈተና አስነሺ አለኝ፤ ቀዝቃዛው ውሃ እሳት ላይ እንደተጣደ ድስት ቡልቅ ቡልቅ ይል ጀመር። ቀጥሎ የሞተር ዘይት መሙያውን ክዳን ፈትቶ ገለበጠና አፍንጫዬ ሥር አመጣው። የተበላሸ ወተት የመሰለ ወፍራም ዝቃጭ ተለጥፎበታል። ዘይትና ውሃ ሲገናኙ የሚወልዱት ይህን ነው። ከሞተሩ ራስ ሥር ያለችው ማሸጊያ፣ ጋስኬቷ፣ ተበልታለች አለኝ፤ ኩላንቱ፣ የራዲያተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከነዳጁ ጋር ይቃጠላል፣ በነጭ ጭስ ይወጣል። ኩላንት ደግሞ ጣፋጭ ነገር ነው፤ ለዚህ ነው ጭስ ማውጫ የሚልሰው።

"ይህን በሽታ በደንብ አውቀዋለሁ" አለ፣ የዘይት ጨርቁን እየፈለገ። "የአጎትሽ መኪና በሽታ ነው። አንቺ እዚያ ጎማው ላይ ተቀምጠሽ ነበር፤ አፍንጫሽን ይዘሽ።"

እውነቱን ነው፤ ይዤ ነበር።

የፊት ጥርሶቼ የወለቁበት ጊዜ ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ እኔን የማሳደጉ ዕዳ የወደቀው ታናሽ እህቷ ላይ ነበር፤ አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። የእነሱ ታላቅ ደግሞ አጎቴ ነው። በከተማው ካፒቴን ይሉታል። መርከብ ነድቶ አያውቅም፤ አውሮፕላንም እንደዚሁ። መሪ ሲይዝ ነጭ ጓንት ስለሚያጠልቅ ነው። መኪናው ክሬም ቀለም ያላት አሮጊት ነበረች፤ እሱ ግን ከሰው በላይ ያከብራት ነበር። ከጎኑ ተቀምጬ በከተማው መሐል ሳልፍ ዓለም በሙሉ እያየኝ ይመስለኝ ነበር።

ያን ቀን ወደ ቀማሹ ጋራዥ የወሰደኝ ለምን እንደሆነ አላስታውስም። የማስታውሰው ያንን ጣት ነው። ቀማሹ ያኔ ጎልማሳ ነበር፤ ከአጎቴ መኪና ጭስ ማውጫ ጣቱን አውጥቶ ሲልስ አይቼ ጮህኩ። ከዚያ በኋላ የተባለውን ሁሉ የሰማሁት በግማሽ ጆሮ ነው። የሞተሯ ራስ መከፈት አለበት ይላል አንዱ፤ አንተ ነህ እኔን የምታዘኝ ይላል ሌላው። ከከተማ እንዳትወጣ፣ ሥራህን ሥራ፣ በኋላ እንዳትጸጸት፣ አፍህን ዝጋ። እኔ ዓይኔን ከዚያ ሰውዬ ጣት ላይ መንቀል አቅቶኝ ነበር። በዚያው ጣት ዳቦ ይበላበት ይሆን እያልኩ አስባለሁ። የአጎቴ ጓንት ግን ንጹሕ ነበር። ልጅ ነበርኩ፤ ንጹሕ እጅ ያለው ሰው ትክክል መሰለኝ።

ጥቂት እንደነዳን መኪናዋ ተነፈሰች፤ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተነሳ። አጎቴ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ቀጥሎ የቀማሹን ዘር ማንዘር ሰደበ። የራዲያተሩ ክዳን የለም። "ሌባ ነው፤ ክዳኔን ሰርቆኛል" አለ። ተመልሶ መጠየቅ ግን ሞቱ ነው፤ መለዋወጫ የሚሸጠው ሱቅም ከጋራዡ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ስለዚህ ጨርቅ ጠቀለለ፣ በፌስታል ሸፈነው፣ የራዲያተሩን አፍ ወተፈበትና ከጎማ ውስጥ በወጣ የከመነዳሪ ቁራጭ ጥፍር አድርጎ አሰረው። እጆቼን አጨበጨብኩ። እንደሱ ያለ ብልህ ሰው ያለ አልመሰለኝም።

በዚያው ሰሞን አክስቴን የስፌት መኪናዋ መርፌ ወጋት። መርፌው የቀኝ ጠቋሚ ጣቷን በጥፍሩ በኩል በስቶ ወጣ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ታዝዛ ስለነበር ጣቷን በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልላ መስፋቷን ቀጠለች። ጣቷ አበጠ፤ ከዚያ መዳፏ፤ ከዚያ አንጓዋ ድረስ ቀልቶ የሚያብለጨልጭ ሆነ። አንድ ጠዋት ጨርቁን ስትፈታው ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት መግል ጨርቁን ተከትሎ መጣ፤ ሽታው ክፍሉን ሞላው። እኔ የምበላውን ዳቦ ጥዬ ወደ ውጭ ሮጥኩ። አክስቴ ከኋላዬ "አይዞሽ፣ እሸፍነዋለሁ" አለችኝ። እሷን ነበር የተጸየፍኩት። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል።

የጤና ጣቢያው ነርስ አንዴ አየቻትና ዛሬውኑ ትልቁ ሆስፒታል ካልደረሰች እጇን ታጣለች አለች። ቁስሉ ላይ ያለው ጨርቅ እንዳይደርቅ በየመንገዱ እንድናርሰው ፈልቶ የቀዘቀዘ የጨው ውሃ በፔርሙዝ ሰጠችን። ሆስፒታሉ ያለው ከተራራው ማዶ ሌላ ከተማ ነው። ጎረቤታችን የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ወሬውን ሰምቶ መጣና ጋቢናው ባዶ ነው፣ አሁኑኑ ልውሰዳት አለ። መኪናው እኛ በር ላይ ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሞ ነበር።

አጎቴ ደረቱን ነፍቶ መሐል ገባ። "የእኔ እህት እንደ ከሰል በጭነት መኪና አትሄድም" አለ። "ወንድም እያላት!"

የተሰበሰበው ሰው በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። እኔም አለቀስኩ፤ በኩራት። ሹፌሩ ወደ አክስቴ አየ። አክስቴ ደግሞ ወደ ወንድሟ አየችና በክሬሟ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ገብታ ተቀመጠች።

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለውን ያኔ አላውቀውም ነበር።

እኔ ከፊት፣ ከአጎቴ ጎን ነበርኩ። ከከተማው ወጥተን ዳገቱን እንደጀመርን የሙቀት መለኪያው ቀስት ቀዩን ነካ። አጎቴ ቆመ፣ ኮፈን ከፈተ፣ ጨርቁን ነቀለ። የፈላው ውሃ እስከ መስታወቱ ተረጨ። ከጀሪካን ሞላ፣ ወተፈ፣ አሰረ፣ ነዳን። እንደገና ቆመ። ከኋላችን ያለው ነጭ ጭስ መንገዱን ይሸፍን ነበር፤ ጣፋጭ የሆነ፣ ጉሮሮ ላይ የሚለጠፍ ሽታ ነበረው። ከአክስቴ እጅ የሚወጣው ሽታ ከውስጥ፣ የጭሱ ከውጭ ይገናኙና መሐል ላይ እኔ አለሁ። መስኮት አውርጄ አስመለስኩ። አጎቴ ጓንቱ እንዳይቆሽሽበት በክርኑ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ።

ጀሪካኑ አለቀ። የምንጠጣው ውሃም አለቀ። ሦስተኛው ይሁን አራተኛው መቆሚያችን ላይ የኋላውን በር ከፍቶ እጁን ወደ ፔርሙዙ ዘረጋ። አክስቴ በደህና እጇ ክዳኑን ያዘች።

"ትንሽ እንኳ ለእኔ ይቅር፣ ወንድም ጋሼ።"

"ሆስፒታሉ ውሃ ሞልቶታል" አላት። "ዋናው መድረሱ ነው።"

ለቀቀችለት። እየረጠበ እንዲቆይ የተነገረን ጨርቅ ብዙም ሳይቆይ ደርቆ ቁስሏ ላይ ተጣበቀ። እኔ ግን ያየሁት ያለ የሌለውን ሰጥቶ እህቱን ለማዳን የሚታገል ሰው ነበር። ያ ውሃ የእሷ መሆኑ አልታየኝም።

አሁንም ተራራው ወገብ ላይ ቆመን ሳለ የጎረቤታችን የጭነት መኪና ከኋላችን መጣ። ዕቃውን ጭኖ ወደዚያው ከተማ እየሄደ ኖሯል። አጠገባችን አቆመና ከጋቢናው አንገቱን አወጣ።

"ካፒቴን፣ እሷን ስጠኝና ላድርሳት" አለ። "አንተ ቀስ ብለህ ትደርሳለህ።"

"ሞተሩን እያሳረፍኩት ነው እንጂ ምንም አልሆነም" አለ አጎቴ። "እሷም ገና አሁን እንቅልፍ ወስዷታል። አትቀስቅሳት፣ ሂድ።"

ዘወር ብዬ አየሁ። አክስቴ ራሷን ወንበሩ ላይ ጥላ ዓይኗን ጨፍናለች። እንዳይጮህ ብዬ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ለሹፌሩ አሳየሁት። ለአፍታ ሁለታችንን አየን፤ ከዚያ ማርሽ አስገብቶ ሄደ። አጎቴ በውድቀታችን ሊስቅ ነው የቆመው አለኝ። አመንኩት፤ ለሹፌሩ ምላሴን አወጣሁበት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቤተሰባችን የማያውቅ የለም፤ ሙሽራ ወደ ቤታችን ስትገባ መጀመሪያ የሚነገራት ወሬ ነው። አጎቴ ባዶ የወተት ጣሳ ይዞ ከቋጥኝ ኋላ ሄደ። ሲመለስ ጣሳው ውስጥ ያለው ሞቅ ያለና ቢጫ ነበር። ራዲያተሩ ውስጥ ሲገለብጠው የተነሳው እንፋሎት ምን እንደሚሸት አልጽፈውም። አልበቃም። ጣሳውን ለእኔ ሰጠኝ። "አክስትሽን ታድኛታለሽ አይደል?" አለኝ። ቁጥቋጦ ኋላ ሄጄ ቁጢጥ አልኩ። ስመለስ ጣሳውን ሁለት እጄ ላይ ይዤ ጠብታ እንዳይፈስብኝ እየተጠነቀቅኩ ነበር። ያቅለሸልሸኛል የምለው ሽንቱን አይደለም፤ ሽንት ሽንት ነው። የሚያቅለሸልሸኝ ያን ጊዜ የተሰማኝ ኩራት ነው።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ሆስፒታሉ በር ላይ ደረስን፤ መኪናዋ እዚያው ኳኳታ አሰምታ ቀጥ አለች። ሐኪሙ ጨርቁን ከቁስሉ ላይ ሊያላቅቅ ሲሞክር አክስቴ ጮኸች፤ ያን ቀን የሰማሁት የመጀመሪያ ጩኸቷ ነው። መቼ ነው የተነሳችሁት ብሎ ጠየቀ። አጎቴ ከቀትር በኋላ ነው አለ፤ ደብቃን ነው እንጂ ብናውቅ ቀድመን እናመጣት ነበር አለ። ጠዋት ነው የተነሳነው ልል አፌን ስከፍት ትከሻዬን ጫን አደረገኝ። ትልልቅ ሰዎች ሰዓት የሚናገሩት እንዲህ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። በማግስቱ አክስቴን ሳያት ቀኝ እጇ ከአንጓው በታች አልነበረም። አጎቴ ኮሪደሩ ላይ ጓንቱን ፊቱ ላይ አድርጎ ሲያለቅስ አስታማሚ ሴቶች "ወንድም ማለት እንዲህ ነው" ይባባሉ ነበር።

የስፌት መኪናዋ ጨርቅ ለብሳ ጥግ ላይ ቆመች፤ ዓመታት አልፈው ለሌላ ልብስ ሰፊ ተሸጠች። ታሪኩ ግን ሕይወቷን አዳናት ተብሎ ተጀመረና እየተነገረ ወዛ። በየድግሱ ካፒቴን ይነሳል፣ ጣሳውን ያነሳል፣ ቁጢጥ ብሎ እኔን ያስመስላል፤ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ለእኔም ቅጽል ስም ወጣልኝ፤ ውሃ ልማት ይሉኛል። ተድሬ፣ ወልጄ፣ ፀጉሬ ሸብቶም ውሃ ልማት ነኝ።

ቀማሹ ይህን ሁሉ ስነግረው አልሳቀም። ወደ ውስጥ ገባና ከግድግዳው ምስማር ላይ አንድ ነገር አወረደ። አቧራና ቅባት የለበሰ የራዲያተር ክዳን ነው፤ ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

"የአጎትሽ ነው" አለኝ። "አትንዳት፣ ራሷን ከፍቼ ልሥራት አልኩት፤ እምቢ አለ። እሱ ሲጮህብኝ ክዳኑን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። ያለ ክዳን ማን ጤነኛ ሰው ይነዳል? ነገ እየተሳደበ ይመጣል፣ እየተሰዳደብን እንሠራታለን አልኩ። ጨርቅ ይወትፍባታል ብዬ እንዴት ላስብ!"

ክዳኑን በአውራ ጣቱ ጠረገው። አሁንም ይልሰዋል ብዬ ጠበቅኩ፤ አላሰውም።

"ክዳኑ ቢኖር ውሃው ትንሽ ይቆይ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "ይህም ይገባኛል። ለዚህ ነው ፊት ለፊቴ የሰቀልኩት።" ከዚያ ክዳኑን መዳፌ ላይ አኖረው።

እሑድ ምሳ ሁላችንም አክስቴ ቤት ነበርን። አጎቴ አርጅቷል፤ ነጩ ጓንት ግን በጃኬቱ የደረት ኪስ እንደ አበባ ተሰክቷል። እንደ ወትሮው ከአክስቴ ጎን ተቀምጦ ስጋዋን ይቆርጥላታል፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማ "የእህቴ እጅ እኔ ነኝ" ይላል። ይህን በሰማሁ ቁጥር ጉርሻው አፌ ውስጥ ያብጥብኛል። ከዚያ ከወጣቶቹ አንዱ እስቲ የጣሳውን አውራልን አለው፤ አጎቴም ጉሮሮውን ጠረገ።

ቋጥኙ ጋ ሲደርስ ክዳኑን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሳህኑ አጠገብ አስቀመጥኩት። እጁ አየር ላይ ቀረ። ወዲያው አወቀው፤ በዓይኑ ውስጥ ያለፈውን አይቻለሁ። ቀጥሎ ምን አደረገ? ሳቀ። "ሌባው መለሰው!" አለ፣ ጠረጴዛውን እየመታ። ሁሉም ሳቁ። ውሃ ልማት ክዳኑን አስመለሰች ተባለ። በቀኝ በግራ ስጋ ያኘኩ አፎች ተከፍተው ሲስቁ አየሁ፤ የዚያ መንገድ ሽታ ሁሉ ተመልሶ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ።

ቀማሹ የነገረኝን ነገርኳቸው። ሳቁ ረገብ አለ እንጂ አልሞተም። አጎቴ እጁን አወናጨፈና የሌባ ወሬ ነው አለ፤ የመኪና ነገር ለሴት አይገባትም አለ፤ እህቱን በሕይወት ያደረሳት ማን ሆነና አለ።

አክስቴ በግራ እጇ ክዳኑን አነሳችው። አገላብጣ አየችውና መልሳ አስቀመጠችው።

"አልተኛሁም ነበር" አለች።

"መቼ?" አላት አጎቴ።

"ሹፌሩ ሲቆም። ተኝታለች አልከው። አልተኛሁም። በሰው ፊት ውሸታም እንዳትባል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩልህ።"

ማንም አልሳቀም። አንድ ልጅ ሹካ ጣለ፤ እናቱ ሳታነሳው ቀረች። እጇን የሰጠችው ለእሱ ስም መሆኑን፣ እኛም ይህን ሁሉ ዘመን ስንስቅበት የኖርነው ምኑን እንደሆነ፣ በቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ የገባው መሰለኝ። እሱን ተጸየፍኩት። ከንፈሬ ላይ ያስቀመጥኳትን ያቺን ትንሽ ጣትም ተጸየፍኳት።

የአጎቴ እጅ ወደለመደው ሄደ፤ ቢላዋውን አንስቶ ወደ አክስቴ ሳህን ዘረጋ። አክስቴ በተቆረጠው ክንዷ ሳህኑን ገፋ አድርጋ ከፊቱ አራቀችውና ወደ እኔ አስጠጋችው።

"አንቺ ቁረጪልኝ" አለችኝ።

ቢላዋውን ከእጁ ተቀብዬ ስጋውን በትንንሹ ቆረጥኩላት።